የቤት ጥንቸል ማደሪያ ወለል፤ አመራረጡና አጸዳዱ

መግቢያ

በከተሞችና በከተማ ዳር መንደሮች ጥንቸል በቤት ውስጥ የሚይዙ ቤተሰቦች አሉ። ብዙውን ጊዜ ጥንቸሏ የምትያዘው ለልጆች ደስታ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች እንደ ሥርዓታቸው የጥንቸል ሥጋ ስለማይበሉ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የገባች ጥንቸል በዚያው ትኖራለች እንጂ አትታረድም። በደንብ የተያዘች የቤት ጥንቸል ከ8 እስከ 10 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ለሥጋ የሚረባ ጥንቸል ግን በአብዛኛው በተወለደ በ3 ወሩ ገደማ ይታረዳል። ስለ ጥንቸል ቤት አሠራር የሚሰጠው ምክር በብዛት ለሥጋ እርባታ የታሰበ በመሆኑ የሽቦ ወለልን ያስቀድማል። ነገር ግን ለ3 ወር የተስማማ ወለል ለ8 ዓመት ይስማማል ማለት አይደለም። የልማት ሠራተኞች ቤተሰቦችን ሲያማክሩ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ማስተዋል ይገባቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ወለል ምርጫ፣ ስለ አነጣጠፉና ስለ አጸዳዱ በተራ እንገልጻለን። ዋናው ምክራችን አጭር ነው። የቤት ጥንቸል ወለል ተነሥቶ የሚታጠብ፣ ከታጠበም በኋላ ፈጽሞ የሚደርቅ መሆን አለበት። በረኪና ከመግዛት በፊት ተለዋጭ ንጣፍ ማዘጋጀት ይቀድማል፤ ምክንያቱም ከመድኃኒት ይልቅ ጥንቸልን ከበሽታ የሚጠብቃት ደረቅ ወለል ነው።

1. ወለል ከጥንቸል ጤና ጋር ያለው ግንኙነት

ሀ. የእግር ቁስል። ውሻና ድመት ከእግራቸው ሥር ወፍራም የቆዳ ትራስ አላቸው። ጥንቸል ይህ የላትም፤ ቆዳዋን ከወለሉ የሚለየው ፀጉር ብቻ ነው። ሽቦ ወይም ሻካራ ሲሚንቶ ፀጉሩን ያሳሳዋል፤ እርጥበት ደግሞ ቆዳውን ያላላዋል። መጀመሪያ የኋላ እግር ተረከዝ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይቆስላል፣ ችላ ከተባለም መግል ይቋጥርና እስከ አጥንት ይዘልቃል። ክብደታቸው የበዛ ጥንቸሎች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ለ. የኮክሲዲዮሲስ በሽታ። ይህን በሽታ ዶሮ አርቢዎች በስሙ ያውቁታል። የጥንቸሉ ተባይ ግን ከዶሮው የተለየ ስለሆነ በሽታው ከዶሮ ወደ ጥንቸል አይተላለፍም። ተባዩ በዓይን የማይታይ እንቁላል መሰል ቅንጣት ሆኖ ከበጠጥ ጋር ይወጣል። በወጣበት ሰዓት ገና በሽታ አያሲዝም፤ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲበስል ግን ወደ አፍ የገባ እንደሆነ ያሳምማል። በይበልጥ የሚጎዱት ከ1 እስከ 3 ወር ዕድሜ ያላቸው ግልገሎች ናቸው። ይከሳሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ።

ሐ. የሽንት ትነት። የተጠራቀመ ሽንት ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ ለሳንባ በሽታም በር ይከፍታል። የጥንቸል አፍንጫ ለወለሉ ቅርብ ስለሆነ፣ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሽታው ሳይሰማው ጥንቸሏ እየተጎዳች ልትሆን ትችላለች።

መ. ዝንብና ትል። ወለሉ እርጥብ ሲሆን የጥንቸሏ ጭራና የኋላ ፀጉር ይቆሽሻል። ዝንብ በቆሸሸው ፀጉር ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚህም የሚፈለፈለው ትል በአንድ ቀን ውስጥ ቆዳ መብላት ሊጀምር ይችላል። ይህ ጥንቸሏን ቶሎ የሚገድል አደጋ ነው።

ሠ. መንሸራተት። ልሙጥ ወለል ላይ የምትሮጥ ጥንቸል እግሮቿ ወደ ጎን ይከፈታሉ። የጥንቸል አጥንት ቀላልና ስስ፣ የኋላ እግር ጡንቻዋ ግን ብርቱ ነው። ስለዚህ ደንግጣ በምትፈራገጥበት ጊዜ ወገቧ ሊሰበር ይችላል።

2. የወለል ዓይነቶች

ከዚህ በታች በአካባቢያችን የሚገኙትን የወለል ዓይነቶች ከነጥቅማቸውና ከነጉድለታቸው እንዘረዝራለን።

ሀ. የሽቦ መረብ። በጠጥና ሽንት ወደ ታች ስለሚያሳልፍ ለማጽዳት ቀላል ነው። እግር ግን ያቆስላል። ቀድሞ የተሠራ የሽቦ ወለል ካለ፣ ቢያንስ ግማሹ በሚነሣ ጣውላ ወይም ንጣፍ መሸፈን አለበት። ለቤት ጥንቸል አዲስ የሽቦ ወለል እንዲሠራ አንመክርም።

ለ. ሲሚንቶና ሴራሚክ። ውሃ የሚችሉና በፈላ ውሃ ሊታጠቡ የሚችሉ ናቸው። ጉድለታቸው ሲሚንቶው ሻካራና ቀዝቃዛ፣ ሴራሚኩ ደግሞ አንሸራታች መሆኑ ነው። በላያቸው ንጣፍ ከተደረገባቸው ጥሩ መሠረት ይሆናሉ።

ሐ. የአፈር ወለል። ሽንት ስለሚመጥና ሊታጠብ ስለማይችል ብቻውን አይሆንም። ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ንጣፍ ሳይዘረጋበት ጥንቸል ሊያዝበት አይገባም።

መ. ጣውላ። ለእግር ይሞቃል፤ አያንሸራትትም። ይሁን እንጂ ሽንት ይመጥጣል፤ የመጠጠውም በመታጠብ ብቻ አይወጣም። ጣውላ ለመኝታ መደብ ቢሆን እንጂ ሽንት ለሚሸናበት ጥግ አይመረጥም።

ሠ. የተሰነጠቀ ቀርከሃ። ለስላሳው ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ሲደረደር ውሃ ቶሎ የሚያንጠባጥብ፣ በብሩሽ የሚታጠብና ቶሎ የሚደርቅ ወለል ይሆናል። በአዊና በሲዳማ ደጋዎች የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለመሰንጠቅ ይመቻል። የቆላው ቀርከሃ ግን ውስጡ ድፍን በመሆኑ ለዚህ ሥራ ያስቸግራል። የእያንዳንዱ ስንጣቂ ስፋት 3 ሳ.ሜ. ያህል፣ በመካከል የሚተወው ክፍተት ለትልቅ ጥንቸል ከ1.2 እስከ 1.5 ሳ.ሜ. ይሁን። ግልገሎች ባሉበት ክፍተቱ ከ1 ሳ.ሜ. እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ እግራቸው ገብቶ ሊሰበር ይችላልና። የተሰነጠቀው ጠርዝ ስለታም ስለሆነ በቢላዋ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ ይኖርበታል።

ረ. የወለል ፕላስቲክ። በየገበያው በጥቅል እየተቆረጠ የሚሸጠው ወፍራም ንጣፍ ነው። ውሃ አያስገባም፤ ተወልውሎ ወዲያው ይደርቃል። ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ማንሸራተቱ ነው። ሁለተኛው ጥንቸል ጠርዙን ማኘኳ ነው፤ የተዋጠ ፕላስቲክ አንጀት ሊዘጋና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ብቻውን ሳይሆን ከጨርቅ በታች፣ ጠርዙም ተሸፍኖ መዋል አለበት።

ሰ. ጨርቅ። አሮጌ አቡጀዲ፣ የአልጋ ልብስና ስስ ብርድ ልብስ ለእግር ይስማማሉ፤ አያንሸራትቱም። ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ሽንቱን ወደ ታች አሳልፎ ከላይ ቶሎ የሚደርቅ በመሆኑ ከሁሉም ይመረጣል። ክሩ ክብ ክብ ሆኖ የወጣ ፎጣ ግን ጥፍር ስለሚይዝ አይሆንም።

ሸ. ሰሌን፣ ጆንያና ማዳበሪያ ከረጢት። ሰሌን ጥንቸል ብታኝከውም አይጎዳትም፤ ነገር ግን ሽንት ከገባበት በኋላ ታጥቦ አይጠራም፤ ሲቆሽሽ ይጣላል። የጆንያ ክር ይፈታል። የማዳበሪያ ከረጢት ደግሞ እየተተረተረ ይበላል። ጆንያንና ማዳበሪያን ለጥንቸል ወለል ፈጽሞ አንመክርም።

ቀ. ሰጋቱራ። ብቻውን ወለል አይሆንም፤ ለሽንት ሳፋ ብቻ ያገለግላል። ጠረኑ ኃይለኛ የሆነ የጥድ ሰጋቱራ ግን የሚወጣው ትነት ለጥንቸል ስለማይስማማ ሊወገድ ይገባል።

3. የምንመክረው አነጣጠፍ

ለአንድ ቤተሰብ በዋጋም ሆነ በሥራ የሚቀለው በሁለት ደርብ የሚነጠፍ ወለል ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ማደሪያን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ ስፋት ለመኝታና ለመመገቢያ የሚሆን ነው፤ ጥንቸሏ በየቀኑ ወጥታ የምትሮጥበት ጊዜ ሊሰጣት ያስፈልጋል።

የታችኛው ደርብ አንድ ወጥ የወለል ፕላስቲክ ነው። በየጎኑ 10 ሳ.ሜ. ተርፎ፣ ማለትም 2.2 ሜትር በ1.2 ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። የተረፈው ጠርዝ በማደሪያው አጥር ሥር ያልፋል፤ በዚህ ዓይነት ጥንቸሏ ልታኝከው አትችልም፤ ሽንትም ወደ መሬት አይወርድም።

የላይኛው ደርብ እያንዳንዳቸው 1.1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ሁለት ጨርቆች ናቸው። መካከል ላይ በ20 ሳ.ሜ. ይደራረባሉ። ወለሉን በአንድ ጨርቅ ፈንታ በሁለት መክፈል የሚጠቅመው፣ ውሃ የያዘ ትልቅ ጨርቅ ለማንሣትም ለመጭመቅም ስለሚከብድና የቆሸሸውን ግማሽ ብቻ ለመለወጥ ስለሚያስችል ነው። ፍሊስ ከሆነ ከሥሩ የታጠፈ አቡጀዲ ይደረግበታል፤ ፍሊሱ ያሳለፈውን ሽንት አቡጀዲው ይመጥጠዋል።

ፕላስቲኩ አንድ ቢሆን ይበቃል። የላይኛው ጨርቅ ግን ሁለት ተለዋጭ፣ በክረምት ሦስት ያስፈልገዋል። አንዱ ሲነጠፍ ሌላው ይታጠባል፤ ይደርቃል። ተለዋጭ የሌለው ቤተሰብ ከሁለት ነገር አንዱን ለማድረግ ይገደዳል፤ ወይ የቆሸሸውን ሳያነሣ ይተወዋል፣ ወይ እርጥቡን መልሶ ያነጥፈዋል። ሁለቱም ጉዳት ናቸው።

ጥንቸል በተፈጥሮዋ አንድ ጥግ መርጣ መሽናት ይቀናታል። ይህን ጥግ ለጥቂት ቀናት ተመልክቶ እዚያው ላይ ጠርዙ ዝቅ ያለ ሳፋ ማስቀመጥ፣ በሳፋውም ድርቆሽ መጨመር ያስፈልጋል። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ስለምትወድ ድርቆሹ ወደ ሳፋው ይስባታል። ሳፋውን የለመደች ጥንቸል የንጣፍ እጥበትን በጣም ታቀልላለች።

4. አጸዳድ

በየቀኑ፤ በጠጡ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይወጣል፤ የሽንት ሳፋው ተደፍቶ በሳሙና ይታጠባል፤ የረጠበ ጨርቅ ይለወጣል። ከላይ እንደተገለጸው የኮክሲዲያ ቅንጣት ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በጠጡን በየቀኑ ማውጣት ማለት በሽታውን ከመብሰሉ በፊት ከቤት ማስወጣት ማለት ነው። ይህ ሥራ ምንም ወጪ የለውም፤ ከሁሉም ይበልጥ ግን ይጠቅማል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፤ ጨርቁ በሙሉ ተነሥቶ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይታጠባል።

አንደኛ፤ ከደጅ ይራገፋል፤ ፀጉርና በጠጥ ይለቀማል።
ሁለተኛ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ሽንቱ ይወጣል።
ሦስተኛ፤ በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ይታሻል።
አራተኛ፤ ሳሙናው እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል።
አምስተኛ፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይቆያል።

የጥንቸል ንጣፍ ከቤተሰብ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። ጥንቸል ጭርት ልትይዝና ወደ ሰው ልታስተላልፍ ትችላለች። ንጣፉን ያነሣ ሰው፣ በተለይም ልጆች፣ እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አለባቸው።

በዚያው ዕለት ፕላስቲኩ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ይወለወላል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ደረቅ መሆኑም ይታያል። የቀርከሃ ወለል ከሆነ ተነሥቶ በብሩሽ ይፈተጋል፤ ክፍተቱ ውስጥ የቀረው በጠጥ በእንጨት ይወጣል፤ ከዚያም ግድግዳ ላይ ዘንበል ብሎ በፀሐይ ይደርቃል።

በወር አንድ ጊዜ፤ የነጭ ኖራ መልክ ያለው የሽንት ዝቃጭ ይነሣል። ጥንቸል በምግቧ ያገኘችውን ትርፍ ካልሲየም የምታስወጣው በሽንቷ ስለሆነ ሽንቷ ሲደርቅ ድንጋይ ይሠራል፤ ይህም በሳሙና አይለቅም። እኩል ውሃ የተጨመረበት አቼቶ አፍስሶ ለ20 ደቂቃ ማቆየትና በብሩሽ መፈተግ ያስለቅቀዋል። የሎሚ ውሃም ይሠራል። አቼቶና ሎሚ ሲሚንቶን ስለሚበሉ በሳፋና በፕላስቲክ ላይ ብቻ ይዋሉ።

5. ስለ በረኪናና ስለ ፈላ ውሃ

በረኪና ብዙ ተሐዋስያንን ይገድላል፤ የኮክሲዲያን ቅንጣት ግን በተለመደው መጠኑ አይገድለውም። ቅንጣቱን የሚያጠፋው ከፍተኛ ሙቀትና ድርቀት ነው። ስለዚህ ኮክሲዲዮሲስ በታየበት ቤት ጨርቁንና ቀርከሃውን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። የፈላ ውሃ የወለል ፕላስቲክን ያጣምማል፤ ፕላስቲኩ በሙቅ ውሃና በሳሙና ተፈትጎ በፀሐይ ይደርቅ።

በረኪና የሚያስፈልገው አዲስ ጥንቸል ከመግባቷ በፊት ወይም ከበሽታ በኋላ ነው። የክሎሪን መጠኑ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ ይበጠበጣል። አስቀድሞ በሳሙና ባልታጠበ ወለል ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። በታጠበው ወለል ላይ ለ10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋም ጥንቸሏ አትገባም። የተበጠበጠው በዕለቱ ብቻ ይሠራበታል።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፤ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል መርዛም ጋዝ ያስወጣል። ባልታጠበ ሽንት ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አለመጠቀም ይሻላል።

እንዶድ ጨርቅ በማጠብ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሲዋጥ የሚጎዳ በመሆኑ ጥንቸል ለምትልሰውና ለምታኝከው ንጣፍ አንመክረውም።

6. በክረምት ወራት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዋናው ችግር ማጠብ ሳይሆን ማድረቅ ነው። ሦስተኛው ተለዋጭ ጨርቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ንጣፉ በደንብ ከተጨመቀ በኋላ ዝናብ በማያገኘው ነፋሻ በረንዳ ወይም የምድጃ ሙቀት በሚደርስበት ቦታ በገመድ ይሰጣል። ደርቋል የሚባለው በእጅ ሲዳሰስ ሳይሆን፣ ታጥፎ ጉንጭ ላይ ሲደረግ ቅዝቃዜ የማይሰማ ሲሆን ነው። በእነዚህ ወራት ዝንብ ስለሚበዛ የጥንቸሏን የኋላ ፀጉር በየቀኑ መመልከት ያስፈልጋል።

7. ከወለሉ የሚነበቡ ምልክቶች

የልማት ሠራተኛው ቤተሰቡን ሲጎበኝ ጥንቸሏን ከማየቱ በፊት ወለሉን ቢያይ ብዙ ይረዳል።

ሀ. ክብ፣ ደረቅና ብዙ በጠጥ የጤንነት ምልክት ነው። በጠጡ ካነሰ ወይም ከቆመ አንጀቷ ሥራ አቁሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይፈለግ።

ለ. ጥንቸል ከደረቁ በጠጥ ሌላ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ በጠጥ ታወጣለች፤ ይህንንም በቀጥታ ከመውጫው ትበላዋለች። ተፈጥሮዋ ስለሆነ መከልከል የለባትም። ለስላሳው ሳይበላ ወለል ላይ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እህል በዝቶባት ድርቆሽ አንሷታል ወይም ከውፍረቷ የተነሣ ጎንበስ ማለት ተስኗታል ማለት ነው።

ሐ. ነጭ ድፍርስ ሽንት ጤነኛ ነው። ከአንዳንድ ቅጠሎች የተነሣም ሊቀላ ይችላል። ቅላቱ ከቀጠለ ወይም የደም ጠብታ ከታየ ግን ሐኪም ይየው።

መ. ሠራተኛው ተንበርክኮ አፍንጫውን በጥንቸሏ ቁመት ላይ ያድርግ። እዚያ የሚኮረኩር ሽታ ካለ ንጣፉ መለወጥ ያለበት ጊዜ አልፏል።

ሠ. በሳምንት አንድ ጊዜ የኋላ እግሮቿ ሥር ይታይ። ፀጉሩ ከሳሳ ወለሉ ይለስልስ፤ ከቀላ ወይም ከቆሰለ ለሐኪም ይታይ። ለሰው ወይም ለሌላ እንስሳ የተገዛ የፔኒሲሊን ወይም የአሞክሲሲሊን እንክብል ለጥንቸል አይሰጥ። እነዚህ መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ የጥንቸልን አንጀት አበላሽተው ይገድሏታል።

8. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ለጥንቸል ያዦች ወለል ማቅረብ ለማኅበራት አነስተኛ ግን የሚቻል ሥራ ነው። የቀርከሃ ሥራ ማኅበራት ከላይ በተሰጠው ልክ ወለል ሊያዘጋጁ ይችላሉ። የልብስ ስፌት ማኅበራት ደግሞ ጨርቁን ቆርጠውና ጠርዙን አጥፈው ሊሰፉ ይችላሉ፤ ጠርዙ ያልታጠፈ ጨርቅ ክሩ ተመዝዞ ይበላልና። ለ20 ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ 2 ተለዋጭ ሲታሰብ፣ 20 የታች ፕላስቲክና 80 ጨርቅ ያስፈልጋል። ለክረምት ሦስተኛው ሲጨመር ጨርቁ 120 ይሆናል። ፕላስቲኩ ከመገዛቱ በፊት የጥቅሉ ወርድ ቢለካ ብዙ ቁራጭ አይባክንም።

ጥንቸል የሚያከፋፍል ማኅበርም ቢሆን ግልገሎችን ከማስረከቡ በፊት በተቀባዩ ቤት የሚታጠብ ወለልና ተለዋጭ ንጣፍ መዘጋጀቱን ቢያረጋግጥ መልካም ነው። ግልገሎቹ ወደ አዲስ ቤት የሚሄዱበት ዕድሜ ኮክሲዲዮሲስ በብርቱ የሚያጠቃበት ዕድሜ ነው።

ማጠቃለያ

1. ለቤት ጥንቸል የሽቦ ወለል አይመረጥ፤ ካለም ግማሹ ይሸፈን።
2. ከታች ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ፣ ከላይ የሚታጠብ ጨርቅ ይነጠፍ።
3. ጨርቁ ሁለት፣ በክረምት ሦስት ተለዋጭ ይኑረው።
4. በጠጥ በየቀኑ ይውጣ፤ ንጣፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጠብ።
5. ፈጽሞ ያልደረቀ ንጣፍ ተመልሶ አይነጠፍ።
6. በረኪናና አቼቶ አይቀላቀሉ።
7. የጥንቸሏ እግር ሥር በየሳምንቱ ይታይ።

ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ለማስተማር ጊዜ ያገኘ የልማት ሠራተኛ አምስተኛውን ያስቀድም።